ሁለት አለቃ ለአንድ አንሶላ

ሰው ጉንፋን ሲይዘው ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። ቅናት ሲይዘው ግን «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይላል። እኔም በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ለአምስት ሳምንታት ያህል የጠየቀኝን ሁሉ «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ስል ከረምኩ። አሁን ስላለፈልኝ እውነቱን ልናገር፤ ቀንቼ ነበር። ማለፍ አለማለፉን ደግሞ እናንተው አንብባችሁ ፍረዱ።

ያስቀናኝ ሰው ገዛኸኝ ይባላል። ሀብታም አይደለም፣ መልከ መልካምም አይደለም። ሸሚዙ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ከሱሪው ወጥቶ ይታያል። (በግራ በኩል ነው፤ አጣርቻለሁ።) ጠዋት የሚደርሰው ሥራ ሊጀመር አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኔ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እደርሳለሁ። እንዲህም ሆኖ የእሱ ቡድን በየቀኑ የእኔን ቡድን ይበልጥ ነበር። ይህን የትኛው አንጀት ይችለዋል?

የምንሠራው ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይት ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። እዚያ «ማንገል» የሚባል፣ ርዝመቱ ከአንድ ሚኒባስ የማይተናነስ መተኮሻ አለ። እርጥቡ አንሶላ በአንድ በኩል ይገባል፣ በጋሉ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል፣ በሌላው በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። ማንገል አራት ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ ከፊት ሆነው የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዘው ያስገባሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ተቀብለው ያጥፋሉ። «አራት» የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ፤ እኔ ረስቼው ነበርና።

ድርጅቱ ሁለት ማንገል ነበረው። የአንደኛው አለቃ እኔ፣ የሁለተኛው ገዛኸኝ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሼፋችን (በጀርመንኛ የሥራ ኃላፊ ማለት ነው) ሄር ክላይን በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ እያንዳንዱ ማንገል ስንት አንሶላ እንዳወጣ በጠመኔ ይጽፍበታል። የዚያ ጠመኔ ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያፋጨዋል።

የጾሙ መግቢያ ሳምንት ሄር ክላይን ሁለታችንንም ጠርቶ፣ «ከፋሲካ በፊት ከሁለታችሁ አንዱን የሁለቱም ማንገል አለቃ አደርጋለሁ። ኡንበፍሪስተትም እሰጠዋለሁ» አለን። ኡንበፍሪስተት ማለት ማብቂያ ቀን የሌለው የሥራ ውል ማለት ነው። ለሌላው ሰው ወረቀት ይሆናል፤ ለኔ ግን መስኮት ያላት ክፍል ነበረች። ያኔ የምኖረው ጻይልስሃይም፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ለጃንጥላው ሳይቀር የራሱን ወንበር ከሚሰጥ ሰው ጋር ነው። ቦርንሃይም ውስጥ ደግሞ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ለብቻዬ የምትሆነኝ ክፍል ተገኝታ ነበር። ባለቤቷ፣ «የሥራ ውልህ እስከ መቼ ነው?» አሉኝ። «እስከ መስከረም» ስላቸው፣ «ከመስከረም በኋላስ የት ልትሠራ ነው?» አሉና፣ «እስከ ፋሲካ አቆይልሃለሁ፤ ማብቂያ የሌለው ይዘህ ና» አሉኝ። የማን ፋሲካ እንደሆነ አልጠየቅኩም። የነሱ ከኛ ቀድሞ እንደሚውል ትዝ ያለኝ ባቡር ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ነገሩ ዋዛ ስላልነበረ ወደማምነው ነገር ሄድኩ፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት። ጀርመንኛን የተማርኩት ብቻዬን በመዝገበ ቃላት ነው። አሁንም ስለ አመራር የተጻፈ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ መጽሐፍ ተውሼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መጽሐፉ፣ «አለቃ ሦስት ዓይነት ነው፤ የሚያዝ፣ የሚጠይቅ፣ የሚተው» ይላል። የቱ እንደሚሻል ለመምረጥ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ የሚያዘውን መረጥኩ፤ ምዕራፉ አጭር ነበር።

በማግስቱ አሥራ አንድ ደንቦች ጽፌ ማንገሉ ላይ ለጠፍኩ። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ ጀርመንኛ፣ ኅዳጉ በማስመሪያ የተሰመረ። የቡድኔ አባላት ከበው አነበቡ። ቡድኔ እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ ጋሽ ሓጎስ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጀርመን ሃያ ዓመት የቆዩ አዛውንት፤ እታገኝ፣ እሑድ በኪራይ አዳራሽ የምትዘምር፣ በሥራ ቀን ደግሞ እኔን የምትፈትን ጴንጤ፤ እና ስንዱ፣ እታገኝ በተናገረችው ሁሉ የምትስቅ ወጣት።

«ቁጥር ሰባት» አለች እታገኝ፣ «የአንሶላው ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ይያዛል። በመሐል ጣት የያዘ ሰውስ ምን ይደረጋል፣ ጌታው?»

«ይመከራል።»

«በየትኛው ጣት?»

ስንዱ ሳቀች። ቁጥር አራት ሳቅ የሚከለክል መሆኑን በጣቴ (በሌባው) አሳየኋት። ከዚያ ሦስቱም «እሺ» አሉ። የኛን «እሺ» ታውቋታላችሁ። ሰምቻለሁ ማለት ናት፣ አትጩህ ማለት ናት፣ ሂድልን ማለት ናት፤ አንዳንዴ ደግሞ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ አደርጋለሁ ማለት ናት። በሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ውስጥ ስለዚህች ቃል አንዲት መስመር አልተጻፈም።

መጽሐፉ፣ «መሪ ሥራውን አጥርቶ ለማየት ከሥራው ራቅ ብሎ ይቆማል» ይላል። ስለዚህ አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ በአንድ እጄ የሩጫ መለኪያ ሰዓት፣ በሌላው ደብተር ይዤ ቆምኩ። እውነትም አጥርቼ አየሁ። እታገኝና ስንዱ ከፊት ያስገባሉ፤ ጋሽ ሓጎስ ከኋላ ያጥፋሉ። አንድ አንሶላ ሃያ ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። ከገዛኸኝ ማንገል አንሶላ የሚወጣው በሃያ ነው። ሁለቷ ሴኮንድ የት እንደምትገባ ለማወቅ ሦስት ገጽ በሠንጠረዥ ሞላሁ። ጋሽ ሓጎስን «ይፍጠኑ» ለማለት አፌ እንቢ ስላለኝ፣ ሰዓቱን ከፍ አድርጌ እንዲያዩት አደርጋለሁ። እሳቸውም መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ «ጥሩ ሰዓት ነው ወደይ፤ የት አገኘኸው?» ይሉኛል፤ «ወደይ» በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው።

ዕረፍትም በደንብ አስይዤ ነበር። ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ፤ ሳይበዛ ሳይጎድል። ጋሽ ሓጎስና ስንዱ ጾመኞች ስለሆኑ እስከ ከሰዓት በኋላ እህል አይቀምሱም። ስለዚህ አሥራ አምስቷን ደቂቃ እታገኝ ዳቦ በአይብ ስትበላ እያዩ ይጨርሷታል። እሷም ብትሆን ሁለት ሰው እያያት መብላት ስለከበዳት አንድ ቀን፣ «በናትህ፣ እኔንም ከዚህ ዕረፍት አሳርፈኝ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።

በነዚህ ሁሉ ቀናት ከሁለተኛው ማንገል ሳቅ ይሰማል። ሥራ ፈትተው ቢስቁ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ እየሠሩ መሳቃቸው ነው። ገዛኸኝ መሐላቸው ቆሞ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ እየሆነ ያወራል። «ገዜ» ይሉታል። እኔን ቡድኔ ምን እንደሚለኝ አጣርቼ ነበር፤ «እሱ» ነው የሚሉኝ። «እሱ መጣ» ይባላል፣ ዝም ይባላል። ሰሌዳው ላይ ደግሞ በየቀኑ መቶ፣ መቶ ሃያ አንሶላ እንበለጣለን። እኔ ያንን ሁሉ ደንብ ጽፌ፣ እሱ ሸሚዙን እንኳ ሳይከት! ሌሊት ሕልሜ ውስጥ ሳይቀር ይበልጠኝ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ምሥጢሩን ልሰልል ወሰንኩ። በሁለቱ ማንገል መካከል የእርጥብ አንሶላ ጋሪ ቆሟል። ከጋሪው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ የሚያወራውን መመዝገብ ጀመርኩ። ሁለት ቀልድና አንድ የጎረቤት ወሬ እንደጻፍኩ አንሶላ አለቀባቸውና አንዱ መጥቶ ጋሪውን ጎተተው። ጋሪው ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። በብርሃን መሐል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ቁጢጥ እንዳልኩ።

ገዛኸኝ ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ። «ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?»

«እስክሪብቶ» አልኩ።

«ውይ! ጎበዝ፣ አንዴ አቁሙልኝ፤ የሰው ዕቃ ጠፍቷል!»

ማንገሉን አቆሙት። አራቱም መሬት ላይ ወርደው እስክሪብቶ ይፈልጉ ጀመር። አንዲት ወፍራም ሴት ከማሽኑ ሥር ግማሽ አካሏን አስገብታ በእጇ ትዳብሳለች። እስክሪብቶው ቀኝ እጄ ውስጥ ነበር፤ ወደ እጅጌዬ አስገባሁት። አብሬያቸው ፈለግኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ! ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ሥራቸው ሲቆም ሐፍረቴ በደስታ ተተካ። በመጨረሻ ገዛኸኝ የራሱን እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ውስጥ ሰክቶ፣ «እስኪገኝ በዚህ ጻፍ» አለኝ። በዚያ ቀን እንኳ በዘጠና አንሶላ በለጡን።

ያን ጊዜ ወደ መኮረጅ ገባሁ። ከደብተሬ ጥሩውን ቀልድ መርጬ፣ በማግስቱ ፋታ በታየኝ ሰዓት ለቡድኔ ተናገርኩ። ቃል በቃል ነው የተናገርኩት፤ አንድም ፊደል አላጎደልኩም።

«ጨረስክ?» አለች እታገኝ።

«አዎ።»

«ትናንት ገዜ ሲያወራው እኮ ከዚህ ሰምተነዋል። ያኔ ያስቅ ነበር።»

ስንዱ እንኳ አልሳቀችም። ማሳቅ ካቃተኝ የቀረኝ የመጽሐፉ ሁለተኛ ዓይነት ነበር፤ የሚጠይቅ አለቃ። በአራተኛው ሳምንት፣ በዕረፍት ሰዓት ቡድኔን ሰብስቤ፣ ደብተሬን ከፍቼ፣ «ሁለት ሴኮንድ ጠፍታብኛለች። የት ልትሆን ትችላለች ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ።

እታገኝ ስንዱን አየቻት፤ ስንዱ ጋሽ ሓጎስን አየቻቸው።

«አሁን የምርህን ነው የምትጠይቀው?» አለች እታገኝ። «እዚያ ማዶ ስንት ሰው ነው የሚሠራው?»

«አራት።»

«እዚህስ?»

«አራት።»

«ቁጠራ!»

ቆጠርኩ። «እታገኝ፣ ስንዱ፣ ጋሽ ሓጎስ...»

«አራተኛውስ?»

ዞር ብዬ ፈለግኩት። የምሬን ነው የምላችሁ፣ ወደ ኋላዬ ዞሬ ፈለግኩት።

«አንተ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ነህ አራተኛው! አንድ ወር ሙሉ እኒህ ሽማግሌ በሁለት ሰው የሚታጠፍ አንሶላ ብቻቸውን ሲያጥፉ ቆመህ ትጽፋለህ! ምንድነው የምትጽፈውስ? ሽማግሌ ደከመ ብለህ ነው?»

እውነት ለመናገር እንደዚያ የሚል ሠንጠረዥ ነበረኝ። ደብተሩን ዘጋሁት። «ጋሽ ሓጎስ፣ ለምንድነው ያልነገሩኝ?» አልኳቸው።

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። «ስማ ወደይ፣ የለጠፍከውን አንብቤዋለሁ። አለቃ ይጠየቅ የሚል ቁጥር የለውም።»

አሥራ አንዱን ደንብ በዚያው ቅጽበት ነቀልኩ። በምትኩ አንድ መስመር ጽፌ ለጠፍኩ፤ «አለቃው የአንሶላ ጫፍ ይይዛል፤ የተሳሳተው እሱ ነበር።» ኅዳጉን ግን በማስመሪያ ማስመሬ አልቀረም። ጋሽ ሓጎስን ቀለል ወዳለው ወደ ፊት አመጣኋቸው፤ ከሲሊንደሩ ትኩስ ወደሚወጣበት ወደ ኋላ እኔና ስንዱ ገባን። ዕረፍቱንም ጾመኞቹ እህል ወደሚቀምሱበት ሰዓት አዛወርነው። በሁለተኛው ቀን የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ። በአራተኛው ቀን የምንበለጠው በአሥራ አምስት አንሶላ ብቻ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ሄር ክላይን ጠመኔውን አነሳ፣ ጻፈ፤ በሰባት አንሶላ በለጥን!

እታገኝ «ሃሌ ሉያ!» አለች፤ ጋሽ ሓጎስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ፊቴን ወደ ገዛኸኝ አዞርኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኳት ደቂቃ ይህች ናት፤ ፊቱ ሲጠቁር ላየው ነው። ገዛኸኝ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ! «ዛሬስ ቀጣችሁን! በሉ፣ ለዚህማ ይጨበጨብላችኋል!» ብሎ ቡድኑን አስጨበጨበ። ከልቡ ነበር፤ ዓይኑን በቅርብ ርቀት መርምሬ አረጋግጫለሁ። እንግዲህ በምን ልብለጠው? ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ደስ ብሎት በለጠኝ።

ዓርብ ሄር ክላይን ሁለታችንንም ወደ ቢሮው ጠራን። በሩ ላይ «ግባ»፣ «አንተ ግባ»፣ «በሞቴ»፣ «እኔ ልሙት» ስንባባል አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ፈጀን። በኋላ ሳስበው ሰውየው ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረበት።

«ሁለታችሁም ትችላላችሁ» አለ ሄር ክላይን። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። «ሄር ገዛኸኝ፣ ቦታውን ትፈልገዋለህ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አለ ገዛኸኝ። «እሱ እያለ? የተማረ ነው፣ ጠንቃቃ ነው፤ ለሱ ይሁን።»

በሐሳቤ የቦርንሃይሟን መስኮት መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር። ሄር ክላይን ወደኔ ዞረ። «አንተስ?»

በጀርመንኛ «አዎ» ማለት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሁለት! ነገር ግን አፌን ያሳደገችው እናቴ ናት። በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚዘረጋ ልጅ በኛ ቤት አልኖረም።

«በፍጹም!» አልኩ። «እሱ እያለ እኔ? በዕድሜ ይበልጠኛል፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ለሱ ነው የሚገባው።»

ጆሮዬ ይህን ሰምቶ ደነገጠ። ግን ተረጋጋሁ። አሁን ገዛኸኝ «አይሆንም» ይላል፤ ሼፉ እንደገና ይለምነኛል፤ አንዴ ደግሜ እንቢ እላለሁ፤ በሦስተኛው አንገቴን ሰብሬ እቀበላለሁ። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ገዛኸኝም አላሳፈረኝም። «እንዴት ተደርጎ!» አለ። «ስህተቱን ጽፎ ማሽን ላይ የሚለጥፍ አለቃ ከሱ ሌላ የት ይገኛል?»

«ሰው መድከሙን ከሰውየው ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው!» አልኩ። «ሲያወራ ሰው ዝም ብሎ የሚያወራ ይመስለዋል። የደከመውን ሰው ቦታ በወሬ መሐል ይቀይረዋል፤ ማንም ልብ አይለውም። እኔ በሩጫ ሰዓት ያጣሁትን እሱ በዓይኑ ያገኘዋል!»

አምስት ሳምንት ሙሉ ለራሴ እንኳ ያላመንኩለትን ሁሉ በጀርመንኛ ተናዘዝኩ። እሱ ያወድሰኛል፣ እኔ አወድሰዋለሁ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ወደ ጠረጴዛው አንዳችን ሌላውን እንገፋለን። ሄር ክላይን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየ ቆየና አቃሰተ።

«ገባኝ» አለ። «ሁለታችሁም አትፈልጉትም።»

ይህ በየትኛውም ሥርዓት ውስጥ የለም። ገና ሁለተኛው ላይ እኮ ነን!

በዚያች ቅጽበት በሩ ተንኳኳና እታገኝ የኡርላውብ (የዓመት ዕረፍት) ፈቃድ ወረቀቷን ለማስፈረም ገባች። ሄር ክላይን ወረቀቷን ፈረመላት፤ ከዚያ በምሬት ይሁን በቀልድ እንጃ፣ «ፍራው እታገኝ፣ የሁለቱ ማንገል አለቃ መሆን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ያ» አለች እታገኝ፤ ያችኑ ባለ ሁለት ፊደል «አዎ»። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«ሰኞማ ኡርላውብ ላይ ነኝ፤ አሁን ፈረሙልኝ እኮ። ከሚቀጥለው ሰኞ ይሁን።»

«ጉት» አለና ስሟን ጻፈ።

ውጭ ወጥተን ከጋሪዎቹ አጠገብ ቆምን።

«ለምንድነው እሺ ያላልከው?» አለኝ ገዛኸኝ።

«ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር። አንተስ?»

«እኔም» አለ። ከዚያ ያ ሳቁ መጣበት። ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የነሱ ፋሲካ በሁለተኛው ሳምንት ዋለ፤ ክፍሏን ብስክሌት ያለው ተማሪ ተከራያት።

እታገኝ አለቃ ስትሆን የትኛው ዓይነት እንደምትሆን በጉጉት ጠበቅኩ። መጽሐፉን እንደገና ተውሼ ብመለከትም አላገኘኋትም፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የምታደርገው። «ገዜ፣ ወደ ፊት ሂድ፤ ወይስ ከኋላ ይሻልሃል? እንደፈለግህ፣ ብቻ ሂድ!» ትላለች። መሄዱ ግን ይኬዳል። ሰሌዳው ላይ የሁለቱም ማንገል ቁጥር ጨመረ።

እኔንና ገዛኸኝን አንድ አንሶላ ላይ አጣመደችን፤ እሱ በግራ ጫፍ፣ እኔ በቀኝ። እንግዲህ ምሥጢሩን በክንድ ርቀት አየሁት። አንሶላውን አያይም፤ የሚያየው የኔን እጅ ነው። እጄ ካልተዘጋጀ አይጎትትም። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ለዚህ ነው ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ያነበብኩት!

ቅናቱም በዚህ ለቀቀኝ ልላችሁ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ረቡዕ እታገኝ በአጠገባችን ስታልፍ ገዛኸኝን ሁለት ጊዜ «ጎበዝ» አለችው። እኔን አንድ ጊዜ። አንሶላው አንድ፣ የያዝነው ሁለታችን፣ የሠራነው እኩል! ችዬ ዝም ልል ሞከርኩ፤ ሦስት አንሶላ ያህልም ቻልኩ።

«እሷ ግን» አልኩት በመጨረሻ፣ «ሁለቴ ነው ያለችህ አይደል?»

«ምኑን?»

«ጎበዝ።»

ገዛኸኝ ትንሽ አሰበ። «ይሆናል፤ አልቆጠርኩም። ከከፋህ ከኔ አንዱን ውሰድ።»

ሒሳቡን ሠራሁት። ከሱ አንድ ሲነሳ አንድ ይቀረዋል፤ የኔ ሁለት ይሆናል።

«አመሰግናለሁ» አልኩና ሳላስለምን ወሰድኩት።